ስሙ በጥቁር መስመር ውስጥ

«ኢማ፣ ሰው ሳይሞት የተለቀሰ ለቅሶ የማን ነው? ያለቀሰችው ነው ወይስ የተለቀሰለት?»

በዕብራይስጥ እናቱን «ኢማ» ብሎ የሚጠራኝ ልጄ ክንፈ ይህን የጠየቀኝ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው። እኛ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስማ። እኔ ግን አልቅሼ ነበር፤ ያውም ሠፈራችን ጊቫት ኦልጋ ሙሉ እየሰማኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

በፈረንጆች ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ስንመጣ ክንፈ አምስት ዓመቱ ነበር። ከጎንደር ገጠር እስከ አዲስ አበባ አብዛኛውን መንገድ ያዘልኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃውን የተሸከመው አባቱ አዝመራው ነው። ሐደራ ከተማ ገብተን አሥር ዓመት ሳይሞላን አዝመራው በልብ ሕመም ሞተ። እዚህ አገር ሰው ሲሞት በጥቁር መስመር የተከበበ ነጭ ወረቀት ይታተምና በየግድግዳው፣ በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል። የባሌ ወረቀት በራችን ላይ ሰላሳ ቀን ከረመ። እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ስወጣና ስገባ አየዋለሁ። ፊደሎቹን እንደ ሰው ፊት ለመድኳቸው፤ የትኛው ረጅም፣ የትኛው ጎባጣ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የሚሉትን ግን አላውቅም። በሰላሳው ቀን ወረቀቱን አንሥቼ፣ አጥፌ፣ ከመታወቂያዎቻችን ጋር አስቀመጥኩት። ወደ ማትናሱ፣ የሠፈሩ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ቤት፣ የዕብራይስጥ ፊደል ልማር የሄድኩት በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው።

አስተማሪዬ ሮኒት ጥሩ ሴት ነበረች። «ድንቅነሽ፣ የቤት ሥራሽ ግድግዳው ነው» ትለኝ ነበር። «ሱቁን፣ አውቶቡሱን፣ ማስታወቂያውን፣ ያገኘሽውን ሁሉ አንብቢ። በትልልቁ ፊደል ጀምሪ። ትንንሹ ይደርሳል።»

እኔም ታዛዥ ተማሪ ነኝ። መንገድ ለመንገድ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስሄድ ልጆች ይስቁብኝ ነበር። በትልልቁ ጀመርኩ።

ክንፈ ወታደርነቱን ሲጨርስ ሁለት ሺህ ሰባት ነበር። ሥራ ይፈልጋል ብዬ ስጠብቅ ከሽሎሚ ጋር ሙዚቃ ጀመረ። ሽሎሚ የናሕሊኤል ሠፈር ልጅ ነው፤ ከክንፈ ጋር አብረው ነው የተማሩት፣ አብረው ነው የዘመቱት። የሽሎሚ አጎት ዳቪድ በኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ የአሉሚኒየም መስኮት የሚሠራበት ወርክሾፕ አለው። ሠራተኞቹ ሲወጡ እነሱ ይገባሉ። ሽሎሚ ከበሮና ጊታር፣ ክንፈ ድምፅ።

ድምፁን መጀመሪያ ስሰማው «ማነው ልጄን የሚደበድበው?» ብዬ ወርክሾፑ ውስጥ ሮጬ ገብቻለሁ። እየጮኸ ነበር። ብላክ ሜታል የሚሉት ሙዚቃ ነው። ጉሮሮው ይደማል ብዬ ስለፈራሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተልባ እየቆላሁ፣ እየወቀጥኩ፣ በውሃ በጥብጬ በጠርሙስ አስይዘዋለሁ። ሽሎሚ «የጠንቋይዋ መድኃኒት መጣ!» እያለ ከልጄ ቀድሞ ይጠጣዋል።

ዳቪድ በወጣትነቱ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለው። ያኔ ወጣቶቹ የቀዱትን በፖስታ ይቀባበሉ ነበር፤ ከሐይፋ፣ ከኢስታንቡል፣ ከቤይሩት እንኳን ሳይቀር። የቤይሩቱ ቆጵሮስ በሚኖር ሰው በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ክንፈ እነዚያን ካሴቶች ቤት እያመጣ ያሰማኝ ነበር። ለእኔ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው የሚመስለኝ፤ ከዝናቡ ኋላ ደግሞ ሰው ይጮኻል።

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?» አልኩት።

«ኢማ፣ ይህን ሙዚቃ ስም ያሰጡት የኖርዌይ ሰዎች ጫካና በረዶ አላቸው። እነዚህ የካሴቶቹ ልጆች ምን ነበራቸው? ሙቀትና ሚክላት። በቦምብ መጠለያው ውስጥ፣ ከመሬት በታች ቀዱት። ማንም አልሰማቸውም። እኛ እንደነሱ የሚሰማ አልበም ነው የምንሠራው።»

«ማንም ካልሰማቸው ምን ጠቀማቸው?»

«አንቺ አሁን እየሰማሽ አይደል?» አለኝና ሳቀ። ሲስቅ አባቱን ይመስላል።

ከዚያ የጀርመኑ ደብዳቤ መጣ። አንድ ትንሽ ድርጅት አልበሙን እናሳትማለን፣ በመጋቢት ኑና እየዞራችሁ ተጫወቱ፣ ከወደዳችሁትም ቅሩ አላቸው። ሽሎሚ ወዲያው ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። ክንፈ «እናያለን» አለ፤ ልጄ «እናያለን» ካለ ልቡ እንደሄደ አውቃለሁ። ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ከክንፈ በቀር ልጅ የለኝም። ሰው ፊት ምንም አላልኩም። ቤቴ ስገባ ግን ያ ደብዳቤ ባይመጣ ምን ነበረበት እያልኩ ግድግዳ አነጋግር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ክንፈ «አገራችሁ ሞት እንዴት ነው የሚነገረው?» አለኝ። ስለ አገር ጠይቆኝ አያውቅምና ደስ ብሎኝ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው፣ ለቆመ ሰው፣ መንገድ ላይ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። በማለዳ ይሄዳሉ። ባለቤቱ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ፣ ውሃ ያስቀርባሉ፣ ስለ ሌላ ሌላው ያወራሉ፤ ከመካከላቸው የተመረጠው አንዱ ይናገራል። እዚህም ከመጣን በኋላ እንዲሁ ነው የምናደርገው። ክንፈ ደብተር አውጥቶ ይጽፍ ነበር። ከአባቱ በኋላ እንደዚያን ቀን ያወራንበት ጊዜ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ከማጸዳው መዋዕለ ሕፃናት እየተመለስኩ ነበር። ክንፈ ሦስት ቀን ቤት አልመጣም። «ቀረጻ ላይ ነን፣ ወርክሾፑ ውስጥ ነን» ብሎኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን ስልኩን አያነሣም። ሱቁ አጠገብ ከአውቶቡስ ወረድኩና እንደ ልማዴ ግድግዳውን ማንበብ ጀመርኩ። የቲማቲም ዋጋ አነበብኩ። የሚከራይ ክፍል አነበብኩ። ከዚያ ጥቁሩን መስመር አየሁ።

መጀመሪያ የለየሁት «አዝመራው» የሚለውን ነው። ያን ቃል በጥቁር መስመር ውስጥ ሰላሳ ቀን አይቼዋለሁ፤ ፊደል ሳልቆጥር የማውቀው ቃል እሱ ነው። የባሌ ወረቀት ነው፣ ሳይነሣ የቀረ ነው አልኩ። ወረቀቱ ግን አዲስ ነው፤ ሙጫው አልደረቀም። ከፊቱ ያለውን ስም በጣቴ እየተከተልኩ ለቀምኩት። ክ። ን። ፈ። ከሥሩ በትልቁ፣ በዕብራይስጥ ፊደል፣ «መርዶ» ይላል።

ያ ቃል ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። የዚህ አገር ሰው መርዶን ከየት ያውቃል? እኔ ግን ከእኛ ሰዎች አንዱ ነው ያሳተመው አልኩ። ከመርዶው በታች ሁለት መስመር ትንንሽ ፊደል ነበር። እዚያ አልደረስኩም።

የራስ ሻሼን ፈትቼ ወገቤን ማሰሬን አውቃለሁ። እኔ በሠፈራችን ለቅሶ ሲሆን ግጥም አውርጂ ተብዬ የምጠራ ሴት ነኝ፤ ለሰው ስንት ቀን አልቅሻለሁ። ለራሴ ግን ባሌ ሲሞት እንኳን አፌ ተዘግቶ ነበር። ያን ቀን ተከፈተ።

ገደል እንዳይበላው በጀርባዬ ያዘልኩት፣
በሰው አገር ግድግዳ ስሙን አነበብኩት።

ምነው ባልተማርኩኝ፣ ፊደልም በቀረ፣
ልጄ በኖረልኝ ዓይኔ እንደታወረ።

እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ግቢ ገብቼም ያንኑ ደጋገምኩት። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ሲሰማ አይጠየቅም፤ ይደረባል። ጎረቤቴ እምዬ፣ ሰማንያ የሞላቸው ሴት፣ ከሁለተኛ ፎቅ ደረታቸውን እየደቁ ወረዱ። አንዷ ሌላዋን እየጠራች ግቢው ሞላ። የፕላስቲክ ወንበር ከየቤቱ ወጣ። ወንድሜ ያየህ ከሥራ ልብሱ ጋር መጣ። እንዴት ሞተ፣ የት ነው ያለው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አልነበረም። ያየህ ኋላ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ሽማግሌው ደጀን መርዶውን እነ ጥሩነህ ነገሯት ብለው ያስባሉ። ጥሩነህ ደግሞ ደጀን ናቸው የነገሯት ብለው፣ ሳይጠሯቸው በመቅረታቸው ተቀይመዋል። ሁሉም መርዶው በሌላ ሰው እጅ ያለፈ መስሎታል። ስለዚህ ሁሉም ያለቅሳል።

ክንፈና ሽሎሚ በዚያ ሰዓት ከቤታችን አሥር ደቂቃ በማይርቀው ባሕር ዳር ነበሩ። ለአልበሙ ሽፋን ፎቶ ሲነሡ፣ የማዕበሉን ድምፅ ሲቀዱ። እንደ ድሮዎቹ የካሴት ተጫዋቾች ፊታቸውን እንደ ሬሳ ነጭ ቀብተው፣ ዓይናቸውን በጥቁር ከብበው። ወደ ቤት ለመታጠብ ሲመጡ ክንፈ ለቅሶውን ከመንገድ ሰማ። የእኔ ግቢ መሆኑን ሲያውቅ እኔ የሞትኩ መሰለው። ልጄ እዚህ ያደገ ነው፤ እንደዚያ ማልቀስ ማን እንዳስተማረው አላውቅም። «ኢማ! ኢማዬ!» እያለ፣ ራሱን በሁለት እጁ እየመታ ሰዉን ጥሶ ገባ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መድቃት ትተው ዞሩ።

«ማነው? ማነው የሞተው?» ይላል ክንፈ፣ በዚያ ነጭ ፊት ላይ እንባ እየወረደ። «ኢማ የት አለች?»

«አንተ ነህ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምን እኔ?»

«የሞትከው!»

እምዬ ጮኸው ወንበሩ ላይ ወደቁ። ሴቶቹ እሳቸው ላይ ውሃ ሲያርከፈክፉ ያየህ ልጄን በደረት ልብሱ ያዘው።

«ከሞትክ ሙት! ካለህ ፊትህን ታጠብ!»

«ጋሼ፣ ምን አደረግኩ?»

«ምን አደረግኩ ይላል! እናትህ ቀብራሃለች፣ ወንበር እንኳን ተከራይተን ልንጨምር ነበር!»

እኔ ተነሥቼ ፊቱን በሻሼ ጠረግሁት። ነጩ እንደ ዱቄት ተነሣ፣ ከሥሩ የልጄ ቆዳ ወጣ፤ ሙቅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ያቀፍኩት። ሽሎሚ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እሱም ነጭ እንደሆነ። በእጁ ትንሽ የመቅጃ መሣሪያ ይዟል። በላዩ ቀይ መብራት ይበራል። ያን ቀን ትርጉሙ አልገባኝም።

በማግስቱ ክንፈ ግድግዳው ድረስ ወስዶ ትንንሾቹን ፊደሎች አነበበልኝ። «ሥነ ሥርዓቱ ሐሙስ ማታ በኢንዱስትሪ ዞን ይፈጸማል። መግቢያ በነፃ፣ ጆሯችሁን አደራ።» መርዶ የአልበሙ ስም ነበር። ከእኔ አፍ ሰምቶ የጻፈው። የወረቀቱን መልክ ደግሞ ከዳቪድ ካርቶን ከወጣ አንድ የሐይፋ ካሴት ነው የቀዱት፤ በዚያ ካሴት ሽፋን ላይ የተጫዋቾቹ ስም በሐዘን ወረቀት ተጽፏል። የሽሎሚም ስም በናሕሊኤል ተለጥፎ ነበር። እናቱ አንብባ፣ ስቃ፣ ቀድዳ ጣለችው። የሽሎሚ እናት ትንንሾቹን ፊደሎች ማንበብ ትችላለች።

የሐሙሱ ዝግጅት ቀረ። ክንፈ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን ተቀበሉት፤ እምዬ ግን ሲሸኙት እኔን ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

«የኔ ልጅ፣ የተለቀሰለት ልጅ ቤቱ አይቀመጥም። እወቂው።»

«ምን ማለትዎ ነው እምዬ?»

«አገር ይቀይራል እንጂ አይቀመጥም። ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

እንቅልፌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሄደ። በአንድ በኩል የጀርመኑ ደብዳቤ፣ በሌላ በኩል የእምዬ ቃል።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ክንፈ ወጥ ቤት ገብቶ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ዝናቡ ተሰማኝ፤ የካሴቱ ዓይነት ዝናብ። ከዝናቡ ኋላ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ምስኪን፣ ምን ሆና ይሆን አልኩ። ከዚያ «ገደል እንዳይበላው» አለች።

ማዳመጫውን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አጥፋው።»

«አላጠፋውም። ሳትፈቅጂ ግን አላወጣውም። ሽሎሚ ሳንጠይቅ እናስገባው ብሏል፤ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት።»

«ለምን ያስፈልጋችኋል? እናንተ መጮህ ታውቁ የለ?»

«ኢማ፣ እኛ እንጫወታለን። ሰባቱም ዘፈን ጨዋታ ነው። የድሮዎቹ ከምድር ቤት ሆነው ሲፈልጉት የነበረው ድምፅ ይህ ነው። ስምንተኛው ቦታ ባዶ ነበር።»

ከዚያ ነው ያን ጥያቄ የጠየቀኝ። ሰው ሳይሞት የተለቀሰ ለቅሶ የማን ነው? እየቀለደ አልነበረም። ዓይኖቹ ዓይኔ ላይ ነበሩ፤ የምለውን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ያንተ ነው ካልኩት ይወስደዋል። የእኔ ነው ካልኩት ያጠፋዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኩት።

«ጀርመኖቹ ሰምተውታል?»

«ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

«ያለዚህ አልበሙ አላለቀም አሉ። ከእጅሽ የተፈረመ ወረቀት ይፈልጋሉ።»

እጄ ውስጥ የገባውን ነገር ያኔ አወቅሁት። ክፉ ሴት አይደለሁም። ፈርቼ ነበር።

«እሺ» አልኩት። «ድምፄን ውሰዱት። አንተ ግን አትሄድም።»

«ምን?»

«ሽሎሚ ይሂድ፣ አልበሙ ይሂድ፣ ድምፄ ይሂድ። አንተ ትቀራለህ።»

«ኢማ፣ ይህ ንግድ ነው እንዴ?»

«ንግድ ነው።»

የማዳመጫውን ገመድ ጣቱ ላይ ጠቀለለ።

«ያለ እኔ ማን ይጮህበታል?»

«ሽሎሚ ጉሮሮ የለውም?»

ሳቅ ያለ መሰለኝ፤ አልሳቀም። የሚያስብ መሰለኝ፤ አስቦ ጨርሶ ነበር። ያን አልበም ምን ያህል እንደሚወደው ያወቅሁት ያኔ ነው። «ሳባባ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «እቀራለሁ።»

እኔ ግን በሳባባ አልረካሁም።

«ማል። እናቴ ትሙት በል።»

አየኝ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ በሞት ቀለድክ ብለሽ ስትቆጪኝ አልነበር?»

«በል።»

«እናቴ ትሙት» አለ ልጄ።

ወረቀቱን ሰጠኝ። ድንቅነሽ ብዬ ጻፍኩበት፣ ፊደሎቹን እኩል አድርጌ፣ ሮኒት እንዳስተማረችኝ። ከክፍል ውጭ ስሜን የጻፍኩበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

ሽሎሚ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። ያዘነም የተናደደም ይመስላል። «የክንፈ እናት» አለኝ፣ «እኛ አምስት ዓመት ክፉ ለመምሰል ስንለፋ ኖርን። አንቺ በአንድ ከሰዓት በለጥሽን።» ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። ተልባ በጠርሙስ አስይዤዋለሁ።

አልበሙ በበጋው በፖስታ መጣ። ሽፋኑ የሐዘን ወረቀት ነው። አሁን ትንንሹንም አነብባለሁ፤ አነበብኩት። ከበሮና ጊታር፦ ሽሎሚ። ድምፅ፦ ክንፈ አዝመራው። ለቅሶ፦ ድንቅነሽ። ሁላችንም በጥቁሩ መስመር ውስጥ ነን። ክንፈ የራሱን ሳይከፍት፣ ፕላስቲኩ ላዩ ላይ እንዳለ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ዳቪድ ወርክሾፑ ውስጥ ቀጠረው። የመስኮት ፍሬም ይቆርጣል። ጥሩ ሠራተኛ ነው ይሉኛል፤ ብዙ አያወራም ይሉኛል። ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ የሰጠሁትን ይበላል፣ የተበላሸ ነገር ካለ ይጠግናል። አንድ ዓርብ ተልባ በጥብጬ አቀረብኩለት።

«ለምን?» አለኝ።

ብርጭቆውን አነሣሁት።

ሌላ ዓርብ ደግሞ፣ ሳምንት ሙሉ ስለማመድ ከርሜ፣ ነገርኩት።

«ያን ጊዜ የጠየቅከኝን አስቤዋለሁ። ለቅሶው ያንተ ነበር። ያንተን ነው መልሼ የሸጥኩልህ።»

«ተዪው ኢማ።»

«መሐላውን ፈትቼልሃለሁ። ሂድ። እኔ ምንም አልሆንም።»

ዳቦውን ቆርሶ ወጡ ላይ አደረገ። ክፋት አልነበረበትም ሲናገር፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«በእኔ ቦታ ሰው አግኝተዋል» አለኝ። «ጀርመን ውስጥ የላይፕዚግ ከተማ ልጅ ነው። ጥሩ ይጮኻል። በመጨረሻ መብራት አጥፍተው ያንቺን ያሰማሉ፤ ሰዉ ቆሞ ነው የሚሰማሽ አለኝ ሽሎሚ።» ከዚያ ጨው እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ሽሎሚ በመጋቢት ሄደ፣ አልተመለሰም። ክንፈ ሐደራ ቀረ፤ ከቤቴ ወጥቶ ናሕሊኤል ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ለብቻው ይኖራል።